50.4 ነጥብ ዛሬ በስንት ይመነዘራል?

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ኮች፣ ሰፈራችን ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቦታ የቅርጫት ኳስ ክርክሩ አልበርድ ብሎናል። ታላቅ ወንድሜ ከማይክል ጆርዳን በላይ አልተፈጠረም ባይ ነው። እኔ የሌብሮን ጄምስ ሰው ነኝ። አንዱ ጓደኛችን ዊልት ቻምበርሊን ሙሉ ሲዝን በአማካይ ከ50 ነጥብ በላይ አግብቷልና አርፋችሁ ተቀመጡ ይለናል። አራተኛው ደግሞ የድሮዎቹ የተጫወቱት ከቧንቧ ሠራተኛና ከፖስተኛ ጋር ስለሆነ አይቆጠርም ይላል። እውነት የተለያየ ዘመን ተጫዋቾችን ማወዳደር ይቻላል? ዊልትስ ዛሬ ቢኖር ስንት ያገባ ነበር?»

ወንድሜ፣ ማወዳደር ይቻላል። እናንተ ግን እያወዳደራችሁ አይደለም። አራት ሰው አራት ጥያቄ ይዞ ነው የሚጯጯኸው። ታላቅ ወንድምህ የሚመልሰው «በጉልበቱ ሰዓት ከሁሉ በላይ የነበረው ማን ነው» የሚለውን ነው። አንተ «ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ብዙ የሠራው ማን ነው» ለሚለው ትመልሳለህ። የዊልቱ ልጅ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ አገኘ፣ በቃ። አራተኛው ሰዎቹን ከነድሮ ጫማቸው አንስቶ ዛሬ ሜዳ ላይ ሊጥላቸው ይፈልጋል። እንዲህ ከሆነ ቡናው ሦስተኛ ደርሶም አትስማሙም።

ከአራተኛው ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ቢል ራስል፣ የዊልት ተፎካካሪ፣ በሸራ ጫማ ተጫውቷል። በሱ ዘመን ብዙዎቹ ተጫዋቾች ክረምት ላይ ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር፣ የሚጓዙትም እንደማንኛውም መንገደኛ ነው። እሱን እንዳለ አምጥተህ ዛሬ ክብደት እየገፋ፣ በምግብ ባለሙያ እየተጠበቀ ካደገ ልጅ ጋር ብታጋጥመው ምን ታውቃለህ? የምታወዳድረው ሁለት ሰው ሳይሆን ሁለት ጂም ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳታደናግሩኝ።) አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2:15:16 ጨረሰ። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ በ2:01:41 ገባ። ከ13 ደቂቃ በላይ ልዩነት ነው። ስለዚህ አበበ ተራ ሯጭ ነበር የሚል ኢትዮጵያዊ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ምክንያቱም ያ የአበበ ሰዓት ያን ጊዜ በዓለም ማንም ያልሮጠው ሰዓት ነበር። ሰውን የምትለካው አጠገቡ ከነበሩት ጋር ነው። ሩጫ እንኳ ሰዓት አለው፤ ቅርጫት ኳስ እሱም የለውም። ነጥብህ የሚወሰነው በሚከላከልህ ሰው፣ በሕጉ እና ኳሷ በስንት ሰከንድ እንደምትመላለስ ነው።

አሁን ወደ ዊልት። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

የ1961-62 ሲዝን ነው። ዊልት በጨዋታ በአማካይ 50.4 ነጥብና 25.7 ሪባውንድ (የተሳተ ኳስ መልቀም) አለው። ማርች 2 ቀን 1962፣ ኸርሺ በምትባል ከተማ ከኒው ዮርክ ቡድን ጋር ሲጫወት 100 ነጥብ ብቻውን አስቆጠረ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ማንም አይነካበትም። ጓደኛህ የማይነግርህ ግን ያኔ ጨዋታው እንዴት ይሮጥ እንደነበር ነው። በዚያ ሲዝን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ወደ 108 ጊዜ ይሞክር ነበር። ጆርዳን በአማካይ 37.1 ባገባበት በ1986-87 ሙከራው ወደ 89 ወርዷል። ኳስ ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ ሁሉም ሰው ብዙ ነጥብ አለው። ስለዚህ 50.4ን በ89 አባዛና ለ108 አካፍል። 41.5 ይመጣል።

አላለቀም። ዊልት በዚያ ሲዝን በአማካይ የተጫወተው 48.5 ደቂቃ ነው። ጨዋታው ደግሞ 48 ደቂቃ ነው! ትርፉ ከተጨማሪ ሰዓት የመጣ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የጎደለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ እሱም ዳኛ አስወጥቶት። ጆርዳን በ1986-87 የተጫወተው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ዊልትንም 40 ደቂቃ ስጠውና አስላው። ወደ 34 ነጥብ ይወርዳል።

እና 50.4 በጆርዳን ዘመን ምንዛሪ 34 ገደማ ነው። ሂሳቡ ሻካራ ነው፣ ማንም ምሁር ከዚህ የተሻለ ያጠራዋል፤ አቅጣጫው ግን ይሄው ነው። 34 ነጥብ በየትኛውም ዘመን ሊጉን የሚመራ ወይም ለመምራት የሚፎካከር ሰው ነው። ስለዚህ ዊልት ተረት አይደለም፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣም አይደለም። አንድ ነገር ግን ከሂሳቡ ውጭ ይቀራል። ደቂቃውን ቆርጬ 40 አደረግኩበት እንጂ ሰውየው በዚያ ፍጥነት 48 ደቂቃ ሲሮጥ ከርሟል። ይሄ ራሱ ችሎታ ነው፣ በምንም አይመነዘርም።

ሪባውንዱም እንደዚያው ነው። ያኔ ከመቶ ሙከራ 43ቱ እንኳ አይገባም ነበር። 108 ሞክረህ ከ60 በላይ ትስታለህ። ዛሬ አንድ ቡድን 89 ገደማ ሞክሮ ከ47 ብዙም አይበልጥም የሚስተው። በአንድ ጨዋታ ሁለቱን ቡድን ስትደምር ሠላሳ ያህል የሚለቀም ኳስ ጠፋ ማለት ነው። የዛሬ ሴንተር (ቀለበት ስር የሚጫወተው ረጅሙ) 13 ሪባውንድ አለው ተብሎ ሲናቅ ይሄን አስቡ።

ደግሞ ስሙኝ፣ በዚያ በ50.4 ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ማን ተባለ? ቢል ራስል! ነጥቡ 18.9 ነው። ድምፅ የሰጡት ደግሞ ጋዜጠኞች አይደሉም፤ ያኔ የሚመርጡት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ። ከሁለቱም ጋር ሜዳ ላይ የተጋፉ ሰዎች ናቸው 18.9 ከ50.4 ይሻለናል ያሉት። በዚያው ዓመት የራስል ቦስተን የዊልትን ፊላዴልፊያ በሰባተኛው ጨዋታ 109 ለ 107 አሰናበተ። እነዚያ መራጮች ምን አይተው ነው?

ይሄን ለማስረዳት ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ አልሄድም። ኮዬ ፈጬ ልጆች የማሠለጥንባት ሜዳ አስፋልት ናት፣ ቀለበቷ መረብ የላትም፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ረጅም ሙከራ የሎተሪ ያህል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር እንጋጠማለን። ጠረጴዛ ላይ የምንይዘው ወረቀት ሁለት ነገር ብቻ ይመዘግባል፣ ነጥብና ፋውል። አንዲት ረጅም ልጅ አለችኝ። ነጥብ ብዙም አታገባም። ግን እሷ ቀለበት ስር ስትቆም ድሪብል አድርጎ እየበረረ የመጣው ልጅ ሁለት ሜትር ሲቀረው ያመነታል፣ ኳሷን ወደ ውጭ ይመልሳታል፣ ወይ ደግሞ ከሷ እጅ ለማትረፍ አጉኖ ይወረውርና ከቦርዱ በላይ ያልፋል። የነካቻትን ኳስም ወደ ውጭ በጥፊ አትመታትም፤ ወደ ራሷ ቡድን ልጅ ነው የምትጥላት። ጨዋታው አልቆ ወረቀቱን ብታየው በስሟ ትይዩ አራት ነጥብና ሦስት ፋውል ነው ያለው። ያሸነፍነው በሷ ነው፤ ወረቀቱ ግን አያውቃትም።

ኤንቢኤም፣ የአሜሪካው ሊግ፣ እንዲህ ነበር። ብሎክ (የተወረወረ ኳስ መመለስ) እና ስቲል (ኳስ መንጠቅ) በይፋ መቆጠር የጀመሩት በ1973-74 ነው። ራስል በ1969 አቁሟል፣ ዊልት በ1973። በታሪክ ከሁሉ በላይ ብሎክ ያለው ሐኪም ኦላጁዋን ነው፣ 3,830። ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር ግን «መቁጠር ከተጀመረ ወዲህ» የሚል ነው። ራስል በ13 ሲዝን 11 ዋንጫ ያነሳበት ዋናው መሣሪያ አንድም መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ የሁለት ተጫዋቾች ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ስታዩ፣ አንዱ ዓምድ ባዶ የሆነው ሰውየው ስላልሠራ ነው ወይስ ጸሐፊው ስላልጻፈ ብላችሁ ጠይቁ።

ራስልን ብቻ አሞግሼ ላልፍ አልፈልግም፣ የሱም ቁጥር መታየት አለበት። 11 ዋንጫ ስትል ሊጉ እሱ ሲገባ 8 ቡድን ብቻ ነበረው። ዛሬ 30 ነው። ከስምንት አንደኛ መውጣትና ከሠላሳ አንደኛ መውጣት እኩል አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ የቡድኖቹ ቁጥር ሲያንስ ደካማ ተጫዋች የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ዊልትና ራስል በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግመው ይገናኙ ነበር። በዚያ ላይ የዘመኑ በር ጠባብ ነበር። ሊጉ ጥቁር ተጫዋቾችን ማስገባት የጀመረው በ1950 ነው፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየቡድኑ ያልተጻፈ ኮታ ነበር። ከአሜሪካ ውጭ ያለው ዓለም አልገባም ማለት ይቻላል። አሁን የዓመቱ ምርጥ እየተባሉ የሚሸለሙት ግሪካዊው ያኒስ፣ ሰርቢያዊው ዮኪች፣ ካሜሩን የተወለደው ኤምቢድ፣ ካናዳዊው ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ናቸው። ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ ሰፍቷል፤ በዚህ በኩል የዛሬዎቹ ያመዝናሉ፣ አልከራከርም።

የቧንቧ ሠራተኛውን ወሬ ግን አልቀበልም። ማስረጃ አለኝ፣ ከራሳቸው ከተጫዋቾቹ። ዘመን ማለት አንዱ በር ተዘግቶ ሌላው የሚከፈትበት ነገር አይደለም። ሁልጊዜ ሁለት ዘመን የሚረግጥ ሰው አለ፤ እኔ ድልድይ ነው የምላቸው። ካሪም አብዱል ጀባርን ውሰድ። በ1969 ገብቶ በ1989 ወጣ። በ1972 የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ላይ የ25 ዓመቱ ካሪም የ35 ዓመቱን ዊልት ገጠመ። ካሪም ያን ዓመት በአማካይ 34.8 ያገባ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ነበር። ያለፈው ግን የዊልት ሎስ አንጀለስ ነው፣ 4 ለ 2፤ ዋንጫውንም ወሰዱት። ዊልት ያን ጊዜ ያረጀ ሰው ነበር፣ ግን አልተዋረደም።

አሁን ድልድዩን ተሻገር። በ1985-86 ያው ካሪም 38 ዓመቱ ነው። ሊጉ ውስጥ ኦላጁዋን አለ፣ ፓትሪክ ዩዊንግ አለ፣ ጆርዳን አለ። ሽማግሌው በአማካይ 23.4 አገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች እሱ ነበር። እንግዲህ ከኦላጁዋን ጋር በ38 ዓመቱ 23 የሚያገባ ሰው፣ በ25 ዓመቱ ያረጀውን ዊልት እንደፈለገ ካልጣለው፣ ዊልት በጉልበቱ ጊዜ ምን ነበር? ሰንሰለቱን ቀጥለው፦ ራስል ከዊልት ጋር፣ ዊልት ከካሪም ጋር፣ ካሪም ከጆርዳን ጋር፣ ጆርዳን ከኮቢ ብራያንት ጋር፣ ኮቢ ከሌብሮን ጋር ተጫውተዋል። መሃል ላይ የተበጠሰ ቦታ የለም። ቧንቧ ሠራተኞቹ የትኛው ቀለበት ላይ እንደገቡ ጓደኛህ ያሳየኝ።

ጆርዳንና ሌብሮን ላይ ስንደርስ ሰዉ ሕግ እየመረጠ ይከራከራል፤ ይሄ ያናድደኛል። የጆርዳን ወገን ምን ይላል? «በሱ ጊዜ ተከላካይ እጁን ወገብህ ላይ ጭኖ ይገፋህ ነበር፣ ይሄ ከ2004-05 ጀምሮ ተከለከለ፤ የዛሬዎቹ ለስላሳ ናቸው።» እውነት ነው። የሌብሮን ወገን ደግሞ፦ «በጆርዳን ጊዜ ዞን መከላከል (ሰው ሳይሆን ቦታ መጠበቅ) አይፈቀድም ነበር፣ እስከ 2001 ድረስ፤ ስለዚህ አንድ ለአንድ እየተተወ ነው ያገባው።» ይሄም እውነት ነው። ሁለቱም ለራሱ የሚመቸውን ሕግ ይጠቅስና ሌላውን ይውጠዋል። የሦስት ነጥብ መስመር (ከውጭው የገባ ኳስ ሦስት ይቆጠራል) በ1979-80 ሲገባ አንድ ቡድን በጨዋታ ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞክርም ነበር። አሁን ከ35 በላይ ነው። ተከላካዮቹ ወደ ውጭ ተሰበዋል፣ መሃሉ ባዶ ነው፣ ሌብሮን እየተንደረደረ የሚገባበት መንገድ ጆርዳን ካገኘው ይሰፋል።

ስለዚህ እዚህም ድልድዩን ነው የማየው፤ ጆርዳን በራሱ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሊግ አይቷል። በ1986-87 ቡድኖች በአማካይ 110 ገደማ ያገቡ ነበር። በ1997-98 ጨዋታው ቀዝቅዞ፣ መከላከሉ ጠብቆ ወደ 96 ወረደ። በመጀመሪያው ሊግ በ37.1 አንደኛ ወጣ፣ በሁለተኛው በ28.7 አንደኛ ወጣ። 35 ዓመቱ ነበር። መሃል ላይ ኳሱን ጥሎ ቤዝቦል ሊጫወት ሄዶ ተመልሷል፣ እሱን ተዉት። በ1987-88 ደግሞ በአማካይ 35.0 አግብቶ ሊጉን በነጥብ መራ፣ በስቲል መራ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተባለ። የነጥብ መሪነትንና የምርጥ ተከላካይነት ሽልማትን በአንድ ዓመት የያዘ ሌላ ሰው የለም። «በጉልበቱ ሰዓት ማን» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ጆርዳን ነው። ታላቅ ወንድምህ ደስ ይበለው።

አንተም አትከፋ። «ከጅምሩ እስከ መጨረሻው» ካልክ ሌብሮን ነው። ሊጉ 93 ነጥብ በሚያገባበት በ2003-04 በ20.9 ጀመረ። በ40 ዓመቱ፣ በ2024-25፣ ሊጉ 114 አካባቢ ሲያገባ እሱ 24.4 ነበረው። የካሪምን 38,387 ነጥብ በ2023 አለፈ፣ በቀጣዩ ዓመት 40,000 ደፈነ። «ዘመናዊ ሕክምና ነው» የሚሉህ ይኖራሉ። ሕክምናው ግን ለሱ ብቻ አልተሰጠም፤ በ2003 አብረውት የገቡት ሁሉ ያንኑ ሐኪም፣ ያንኑ አውሮፕላን አግኝተዋል፣ አንዳቸውም አሁን አይጫወቱም። እዚህ ቦታ ላይ ሌብሮንን የሚያስፈራው ካሪም ብቻ ነው። 20 ሲዝን፣ 6 ዋንጫ፣ 6 ጊዜ የዓመቱ ምርጥ፣ ያውም ያለ ዛሬ ሕክምና። የሚገርመኝ፣ በናንተ ክርክር ላይ ስሙን ያነሳው ሰው የለም። ካሪም ዩቲዩብ ላይ አያምርም መሰለኝ፣ ያው አንድ ሁክ (በአንድ እጅ ከራስ በላይ የሚወረወር ኳስ) ነው ደጋግሞ የሚያገባው።

ልጆቼ ደግሞ እስጢፈን ከሪን ለምን ዘለልክ እንዳይሉኝ ልጨምር። ፍጻሜው እዚህ አገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር ጠዋት ልምምድ ላይ እያዛጉ የሚመጡት በሱ ምክንያት ነው። ከሪ በ2015-16 ሲዝን 402 ሦስት ነጥብ አገባ። ከሱ በቀር በዚያን ጊዜ በአንድ ሲዝን 280 የደረሰ ሰው በታሪክ አልነበረም። አጠገቡ ከነበሩት የራቀበት ርቀት ማለት ይሄ ነው። አሁን ቁጥሩ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ሌሎቹ ተከትለውት መጥተዋልና። በአጠቃላይ ተጫዋችነት ከጆርዳን ጋር አላስቀምጠውም። ጨዋታውን ራሱን ቀየረ ካላችሁ ግን ከዊልት ጎን ይቆማል፤ በዊልት ምክንያት የሦስት ሰከንድ ክልሉ (ቀለበት ስር አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይቆምበት) በ1964 ከ12 ጫማ ወደ 16 ጫማ ሰፍቷል። ሕግ ያስቀየረ ሰው በዘመኑ ምን እንደነበር ለማወቅ ቪዲዮ አያስፈልግህም።

የቀረችው የመጨረሻ ጥያቄህ ናት፤ ዊልት ዛሬ ስንት ያገባል? በዘመኑ ሥልጠና ካደገ 28 ወይም 30 እላለሁ፣ ሪባውንዱም 14 አካባቢ። ይሄ ግምቴ ነው። ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የሚይዘው ተከላካይ ሳይሆን የቅጣት ምት ነው። በዕድሜ ልኩ ከመቶ 51 ብቻ ነው ያገባው፤ የዛሬ አሰልጣኝ አራተኛው ኳርተር ላይ ሆን ብሎ ፋውል ያስደርግበትና መስመር ላይ ያስቆመዋል። 100 ባገባባት ሌሊት ከ32 ቅጣት ምት 28 አስገብቷል። ያን ሲዝን የሚወረውረው በሁለት እጁ ከጉልበቱ ሥር አንስቶ ነበር፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ኋላ እንዲህ መወርወር አሳፈረውና ተወው፤ በ1967-68 ከመቶ 38 ወረደ።